ያላየውን ውርጭ

ጅማ ላይ ማብቀል ምን ያስመሰግናል?
የተከሉት ካስማ ከርሞ ቅጠል ያወጣል፤
አጥሩ ራሱ ያብባል፤
የበር መቃን ሳይቀር፣ ክረምት ሲገባ፣ እንጉዳይ ያበቅላል።
እዚህ አገር ሙያው
የሰማዩን ቸርነት
ከአንዲት ቅጠል አናት ላይ መመለስ ነው።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፣ ሄርማታ ገበያው ጥግ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ያመለጠ ብርድ ሳሳድድ፣
ይዤ ወደ ቤቱ ስመልስ።
አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ነጂባ፣ ክትባት ሠራተኛዋ፣
ከመንዝ ስትመለስ ብልቃጥ ሰጠችኝ፤
የኩፍኝ መድኃኒት የነበረበት፣
አሁን ከሱረት የላመ ዘር የያዘ።
«ጅባራ ነው፤ ሲያድግ ከሰው ቁመት ያልፋል፤
ውርጭ ሲያድርበት ያድራል፣ ጠዋት ቆሞ ይገኛል።
አጎቴ፣ ብርድ የሚወድ ሰው
ካንተ ሌላ አላውቅም» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት እንደ እንግዳ ያዝኳቸው፦
ከአዌቱ ዳር ጥቁር አፈር፣ የበሰለ ፍግ፣
ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ።
በቀሉ። ወዙ። ወፈሩ።
ሐምሌ ላይ ከአንገታቸው ቀለጡ፤
ስነካቸው እንደ ሳሙና አዳለጡኝ።
ረሃብ ያልገደለውን
ጥጋብ ገደለው።

ከዚያ ወዲያ ማስራብ ተማርኩ።
ያረጀ ፍሪጅ በጀርባው አስተኛሁ፣
ታቹን በመሰርሰሪያ በሳሁ፣
ሆዱን በገረጋንቲ ሞላሁ፤
ሦስት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ አፈር፤
አንገታቸው ዙሪያ ደረቅ አሸዋ፤
ከላይ ላስቲክ በአራት ቋሚ፣ ጎኑ ክፍት፤
ነፋስ ይግባ፣ ዝናብ አይግባ።
ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ
ስድስት ሳምንት በቤታችን ፍሪጅ፣ ከሥጋው ጎን።
ዘምዘም አየችው።
«የሰው ባል ለሚስቱ ፍሪጅ ይገዛል፣
የኔው ለአረም ያከራያል!»
ሰፈሩም ስም አወጣልኝ፣ እንደ ጥንቱ የፈረስ ስም፦
አባ ቆራ።
የብርድ አባት ማለት ነው፤
ፈረስ የሌለው።

መብራት በጠፋበት ሳምንት
ከዓሣ ቤት በረዶ በጀሪካን ተሸከምኩ።
ከዚያ ሁሉ ዘር አራት ወጡ፤
አንዱን ቀንድ አውጣ፣ አንዱን የጎረቤት ዶሮ፣
አንዱን፣ እውነት ለመናገር፣ እኔው ራሴ፣
የጠማው መስሎኝ።
አንዱ ቀረ።

ነጂባ ኋላ ያመጣችው ጦስኝስ?
እሱ እንኳ አላስቸገረኝም፤
በጠጠሩ ጠርዝ ተለጥፎ
ምስር የምታክል ወይን ጠጅ አበባ አወጣ።
ሰው ጠርቼ ላሳይ ስል
ዘምዘም በመቀስ ቆርጣ ሻይ ውስጥ ጨምራዋለች።
ጠጣሁት። ምን ላድርግ፣
ይጥም ነበር።

ጅባራው ዘንድሮ ስምንት ዓመቱ፤
ገና ጥቅል ጎመን ነው የሚያክለው።
የሚያብበው አንዴ ነው ይላሉ፣ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ፤
አብቦም ይሞታል።
እኔ ስልሳ ሦስቴን ጨርሻለሁ፤
ሒሳቡን አልሠራሁትም።
የማውቀው ይህን ነው፦
ጀምበር አዘቅዝቃ አዛን ሲሰማ
ቅጠሎቹን ወደ ልቡ ይሰበስባል፣
ሳንቲም እንደ ጨበጠ ሕፃን እጅ፣
እንቡጡን ከውርጭ ሊያድን።
ጅማ ላይ ውርጭ የለም።
ወላጁ ያየውን፣ እሱ ያላየውን፣
ማታ ማታ ይፈራል።
እኔም ሱቄን በዚያው ሰዓት እዘጋለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ በረዶ ወረደ።
ቆርቆሮው ጮኸ፤ ሰፈሩ ጎመኑን ሊያለብስ ሮጠ፤
እኔ ላስቲኩን ገፈፍኩ።
«ለየለት!» አለ አንድ ሰው ከአጥር ማዶ።
ዘምዘም ሻሿ በስብሶ ከደጅ መጣች፤
በሰፌድ ያፈሰችውን ነጭ ጠጠር
ምንም ሳትል እግሩ ሥር ዘረገፈችው።
ቁጢጥ ብለን አየነው።
በረዶው ሳይቀልጥ መሸ።
ቅጠሎቹን እንደ ሁልጊዜው ሰበሰበ፤
ስምንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ሲሰበስብ ኖሮ
ያን ማታ ብቻ
ልክ ነበር።