ዋስ ያጣ ጥርስ

ሐምሌ ነው፤ ክረምት ነው፣ በቫልፓራይሶ፣
ጭጋጉ ከባሕር ደረጃ ይወጣል፣ እርጥብ ካባ ለብሶ።
እኔ ከባንኮኒው ኋላ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
መሳቢያ ስከፍት፣ መሳቢያ ስዘጋ፤ ሰዎች ይመጣሉ፣
የተሰበረውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣
«እንደዚህ ያለ አለ?» ብለው።
ሰው ሁሉ የሚያጣው ትንሿን ነገር ነው፤
ትልቁማ አለ፤ ማን ሊወስደው?

ኒባልዶ ኦያርሱን ጋዜጣ አልያዘም።
ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ የታጠበ መሐረብ፣
ቋጠሮውን ፈታው ቀስ ብሎ፣ እንደ አደራ ገንዘብ።
ውስጡ ጥርሳም መዘውር፤ ናይለን፣ ነጣ ያለ፣
ከሃያ ሁለቱ ጥርስ አንዱ የጎደለ።
«ሊጥ ማቡኪያ ናት» አለኝ፣ «የሚስቴ፣ የኤድቪጅስ፤»
ፈገግ ሲል አየሁት፤ እሱም ከፊት በኩል ጎድሎታል አንድ ጥርስ።

ሳቄን ዋጥኩና «ቁጥሯስ?» አልኩት፣ «የሞዴሉ?»
«ከሆዷ ሥር ነበር፤ ሳሙና በላው፣ ሙሉ በሙሉ።
ኤድቪጅስ ንጹሕ ናት፤ ሲመሽ ታጥባታለች፣ ደግሞም ሲነጋ፤
የቀረው ሰባት ነው፣ ከሩቅ፤ አንድ ነው፣ ስጠጋ።»

ከደረት ኪሱ ደግሞ ወረቀት አወጣ፣
በአራት የታጠፈ፣ እጥፋቱ የነጣ።
የዋስትና ወረቀት። ዐሥር ዓመት ይላል፤ ዐሥሩ ካለፈ ሌላ ሃያ አለፈ።
ግን አነበብኩለት፤ እስከዚህ ድረስ በዝናብ ለመጣ ሰው ማንበብ አይበዛበትም፦
ከወደቀች፣ አይመለከተንም።
ውኃ ከገባት፣ አይመለከተንም።
ሌላ እጅ ከፈታት፣ አይመለከተንም።
ለንግድ ከዋለች፣ ዳቦ ከተሸጠባት፣ አይመለከተንም።

እሱ ራሱን ነቀነቀ፣ ንስሐ እንደሚገባ ሰው፦
«ወድቃለች፤ መሬት የተንቀጠቀጠ ሌሊት፣ እቤቴ።
ፈትቻታለሁም፤ እኔው ነኝ፣ በዚህ እጄ፣ በገዛ ካቻቢቴ።
ሸጠንባታል። ወደቡ ሥራ ባቆመ ዓመት፣ ክሬኔ ዝም ሲል፣
ስድስት ወር የበላነው እሷ ካቦካችው ነው፤ ሌላ ምን ልበል?»

ምነው ዝም ባልክ! አልኩ በልቤ። ዝምታውስ ምን ሊጠቅም?
ዋስ የተባለው ፋብሪካ ራሱ ዛሬ በቦታው የለም።
በወረቀቱ ስልክ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት አነሳች፣
«የውሻ ክሊኒክ ነው» አለች።

ዋስ ሰው ነው መሰለኝ። ስም ያለው፣ ደጁ የሚታወቅ፣
ስትጠራው የሚመጣ፤ ባይመጣ ከጎረቤት የሚደበቅ።
ወረቀት አያፍርም።

ጓዳ ገባሁ።
ከሞቱ ማሽኖች ሆድ ያወጣሁትን፣ አንድ ጣሳ ሙሉ፣ ዘረገፍሁ።
ሃያ ጥርስ። ሃያ አራት። አንዱ ልክ ሆኖ ቀዳዳው ጠበበ፣
ሌላው ዝጎ ከጓደኛው ጋር እንደ ባልና ሚስት ተጣበበ።
ከጣሳው ሥር አንድ የነሐስ፤ ለሥጋ መፍጫ የተሠራ፣
ሃያ ሁለት ጥርስ ያለው፣ ቅባት የጠጣ፣ ቀለሙ የጠቆረ እንደ ጎተራ።
ጥርሱን ከናይለኑ ጥርስ አገጣጥሜ አዞርኩት፤ ዞረ፣
ያቺ የጎደለችው ጋ ሲደርስ ብቻ አንዴ ዘለለና፣ እንደገና ዞረ።

«ይሠራ ይሆን?» አለ።
«አላውቅም።»
ኤድቪጅስ ኮረብታው ላይ ሊጡን በጨርቅ ሸፍና ትጠብቃለች፤
ትከሻዋ እምቢ ካላት ሁለት ክረምት ሆነ፤ «በእጄ አቦካለሁ» ትላለች።
የአንድ ስኒ ሻይ ዋጋ ነገርኩት። ከፈለ። አልሄደም።
«ዋስትናስ?» አለኝ፤ ቀልዱን ነው፣ ወይም አይደለም።
የደረሰኙ ጀርባ ላይ ስሜን ጻፍኩ፣ ቀጥዬ፦
*ካልሠራ እዚሁ ነኝ፣ እስከ ማታ አንድ ሰዓት*፣ ብዬ።

ቅዳሜ አልመጣም። በቀጣዩም አልመጣም።
በእኛ ሥራ የምሥራች ማለት የማይመለስ ሰው ነው፤
ወይም ደረጃው በዝቶበት ነው።
የናይለኑ መዘውር አርባ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አልጣልኩትም።
ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን አንድ ሰው በዝናብ ይመጣ ይሆናል፣
«ሃያ አንድ ጥርስ ብቻ ያለው አለ?» ይላል።