የበራሳ ማክሰኞ

ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ፣
ሐምሌ ላይ የቀረ፣ ዘንድሮን የማያይ፣
የጃፓን ካላንደር።
ድልድይ አለ፤ ዝናብ፣ በእንጨት ተቀርጾ
ቀጥ ያለ እንደ ክር።
ባንድ ዣንጥላ ሥር ሁለት ሴቶች አሉ፣
ወደ ሻይ ቤት ይሁን ወደ ትያትር፣
እግራቸው አይቸኩልም፤ ብቻ ይስቃሉ።

በራሳ፣ አገጩ አረፋ እንደለበሰ፣
ጣቱን ቀሰረና ሥዕሉን ወቀሰ፦
«ሁሉም አለ፤ ጀልባው፣ መብራቱ፣ የሴቶቹ ሳቅ፤
ቢላው ብቻ የለም፣ ሌሊት እንጨት ሲፍቅ።»

አይፈረድበትም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሞ
የሰው እሑድ አነሳ፣ ካሜራ ተሸክሞ፦
ከአባ ኮዳ ፊት የተኮፈሰ ሙሽራ፣
ጥብስ ዓሣ የጨበጠ፣ ጣቱን የላሰ ልጅ፣
ታንኳ ላይ የጮኸች፣ ጫማዋ በእጇ።
ዋጋው ያንድ ዓሣ ነበር።
ከሚዜዋ ቀሚስ ጫፍ ግን
ባርኔጣ ያደረገ ጥላ ወድቆ ቀርቷል፤
ማን ነህ ያለው የለም።

አሁን ሰው ስልክ አለው፤ ራሱን ያነሳል።
በራሳም ማክሰኞን እሑድ አድርጎታል፦
ተላጭቶ፣ ባዶ እጁን፣ ግንቡ ላይ ይወጣል፣
ከሰው ጀርባ የኖረን ሐይቅ ፊት ለፊት ያያል።

ዝናቡ መጣ፤ ጠማማ፣ ሥዕሉን የማይመስል።
ሰው ሁሉ ወደ ባጃጅ ሮጠ።
እሱ ኮቱን ቆለፈ፤
አልቸኮለም።