የቀሪ መዝገብ

ከራስ መኰንን ድልድይ ሽቅብ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጓሮ፣
አንዲት ክፍል ነበረች፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ።
አባ ላእከ ማርያም፣ ጠመኔ የነካው ቀሚስ፣
ማታ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ሊስትሮው ከሥራ ሲመለስ።

«ሀ» ከማለታችን በፊት «እራት በላችሁ?» ይላሉ፤
አልበላንም ካልን ፊደል ይቆያል፣ ዳቦ ይቆርሳሉ።
ከማል ሶላቱን አድርሶ ዘግየት ብሎ ሲመጣ፣
«ለእኔም ለመንክልኝ?» ይላሉ፣ ድምፃቸው የለበትም ቁጣ።

መጽሐፍ ባጠረን ጊዜ መንገዱ ነው መጽሐፋችን፤
ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ታፔላ ማንበብ ሥራችን።
«ሰዓት ጠጋኝ»፣ «ጥርስ ሐኪም» እያልን ስናነበንብ፣
ከጥግ የተኛ ሰው አይተው፦ «ይህንንስ ማን ያንብብ?»

ክፍሏ ፈርሳ ቦታዋ ዛሬ አበባ ነው፣ የመንገድ መብራት፤
መንገደኛ ቆሞ ያየኛል በእርምጃዬ ስለካት።

ሲያርፉ ሣጥናቸው ተከፈተ። ገንዘብ የለ፣ ካባ የለ፤
አንድ የቀሪ መዝገብ ብቻ፣ ጠርዙ በሻማ የከሰለ።
«ሽታዬ፦ እናቷ ታማለች። ከማል፦ ጫማው ተበጠሰ።
ባንጃው፦ ፖሊስ ጣቢያ አደረ።» ከሥር፦ «ዋስ ሆንኩ፤ ተመለሰ።»

እኔ የጠፋሁበት ሳምንት፣ ያ የሐምሌ ዝናብ፣ አለበት፤
ከስሜ ፊት «ቀረ» አይልም።
በእጃቸው፦ «ቀረሁበት።»