የነካሽውን ቁጠሪ

አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ፤
የተማርኩት ይኸው ነው፣ በሁፉፍ በረሃ።
ሦስት ዓመት በዚህ ልክ ሳጥብ፣ ስወለውል ኖሬ፣
የሆስፒታል በር እጀታ ነው ማሳዬም፣ ድንበሬ።
ሰው ሲያስል በመዳፉ አፉን ይጋርዳል፤
በዚያው መዳፍ ደግሞ በሩን ይከፍታል።
በሽታ እግር የለውም፤ በሰው እጅ ይሄዳል።

መጋቢት ላይ ጠሩኝ፣ አማርኛ ላስተረጉም፣
መጥረጊያዬን ጥዬ መስታወቱ ጋ ልቆም።
ከመስታወቱ ወዲያ፣ አየር ገብቶ በማይወጣበት፣
ማራገቢያው የሰው ትንፋሽ ለቅሞ በሚያጣራበት፣
አንዲት ልጅ ታስላለች።
ስሟ ኢንቲሳር ነው፤ ድል ማለት።
መዝጋቢው በጭምብሉ ሥር ኢንቲሻር ብሎ ጻፋት፤
በሱ ቋንቋ መዛመት።
ተሳስተሃል አልኩት። ሳቀ፤ አላረመላትም።

ፋይሏ ላይ ሁለት ነገር ሰፍሯል፦
በሽታው ከሰው ሰው ያልፋል፤
የእሷም የመኖሪያ ቀን አልፏል።
በእኛ ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው፦ ተላላፊ።
አንዴ ብቻ ተናገርኩት። የቱን እንደሰማች አላውቅም።

ሲስተር ሊሲ፣ የኬረላዋ ነርስ፣ ቅጿን ዘረጋች፤
«አሥራ አራት ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ ማንን ነካሽ?» አለች።

«የእማማን እግር፣ ጠዋትና ማታ፣
ኩላሊታቸው ደክሞ ውሃ ሲቋጥር፤
የትንሹን ልጅ አፍንጫ፤ የትልቁን ደብተር፤
የሰባት ሰው ሳህን፣ የሰባት ሰው አንሶላ፤
የጎረቤት ሾፌር የሰጠኝን የተምር ከረጢት፣
በአጥር ላይ ነው እሱ።
የበር እጀታም ልቁጠር?»
«ቁጠሪ።»

ሊሲ ከስም ወደ ስም ቀስት አሰመረች።
ቀስቱ ሁሉ ከልጅቷ ይወጣል፤ ወደሷ የሚመጣ የለም።
«በሽታ ከባዶ አይነሳም፤ አንቺንስ ማን ነካሽ?»

ዝም። ማሽኑ ብቻ ቆጠረ፤
ዘጠና አንድ፣ ዘጠና፣ ሰማንያ ስምንት።
«እኔን?»
ጣቷን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋች።
«እኔን የሚነካ የለም።
ደመወዜም ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጥልኝ።
አንድ ግልገል ግን አለ።
አርብ አርብ እርሻ ይወስዱኛል፣ የግመል በረት ልጠርግ፤
እናቱ የገፋችው ነው፣ ንፍጡ የሚዝረከረክ።
በሻሼ ጫፍ አፍንጫውን ስጠርግለት
ጉንጩን ጉንጬ ላይ ጣለና ተነፈሰብኝ።
ረጅም ትንፋሽ፣ ባቲ ባቲ የሚሸት፣
እንደ ሰኞ ገበያ።
አልሸሸሁም።»

ይህን በምን ልተርጉም?
አረብኛዬ «ጥረጊ»፣ «አምጪ»፣ «ቶሎ» ነው።
«ግመል» አልኩ፤ መዳፌን ጉንጬ ላይ አሳርፌ አሳየሁ።
የሊሲ ብዕር ቆመ።
«ለሱ ጉንፋን ነው፤ አስነጥሶት ይተወዋል፤
ሰው ላይ ግን ሳንባ ድረስ ይወርዳል፤
ኩላሊቱ ለደከመማ . . .»
አልጨረሰችውም።

እኛ ዘንድ «በሽታ ያዘኝ» ይባላል፤
ማንም ያልያዘውን እጅ፣ በሽታ ይይዘዋል።

በማግስቱ ሰባቱም አፍንጫቸውን ለጥጥ ሰጡ።
እማማ ላይ ብቻ ተገኘ፤ ከልጅቷ ሁለት በር አልፎ ተኙ።
ግልገሉም ሰጠ፤ በረቱ ታጠረ፤ ጥሬ ወተት ቀረ።
ሹሩባዋን የሠራችላት ጓደኛ ብትኖር ኖሮ
ቀስቱ ስንት ቤት በገባ ነበር።
ለዚህ መድኃኒት አልነበረንም፤
የሚቆመው ሰው ተቆጥሮ፣ በር ተዘግቶ፣ ቀን ተጠብቆ ነው።
ብቸኝነቷ ከተማውን ጠቀመ፤
ይህን ማንም ቅጽ ላይ አይጽፈውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ትንፋሿ ተመለሰ።
መጀመሪያ የጠየቀችው፦ «አረዱት?»
«አላረዱትም፤ ሣር ይበላል።»
ይህችን ሳልሳሳት ተረጎምኩ።
የእማማን ወሬ አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት።

ቅጹ ላይ፣ «የነካት» በሚለው ሳጥን፣
በሊሲ ጽሕፈት፦ ግመል፣ አንድ።

ማታ ጓንቴን ገልብጬ አውልቄ፣
እስከ ክርኔ ታጥቤ፣
እኔም አሥራ አራት ቀኔን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ማን ነካኝ ብዬ።
አንድ እጅ በረኪና፣
ዘጠኝ እጅ ውሃ።