የጓሮ ግብር

ኢሪ ሐይቅ ዳር ድሮ ወይን ነበር ሁሉ፣
ለቃሚ ስሎቬኖች ጎንበስ ቀና ሲሉ።
ከዋናው ከተማ ሐዲድ ሲዘረጋ፣
ወይኑ ተነቀለ፣ ስንዝር አወጣ ዋጋ።

ሲሪል ከፋብሪካ ብሎን ሲያጠብቅ ውሎ፣
ጓሮው ሐይቅ የሚያይ ቤት ገዛ ዕዳ አዝሎ።

ትራሙ ቀረና ሐዲዱ ተቀብሮ፣
በረዶ ሲቀልጥ ግን ይወጣል ቆፍሮ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ሲሪልም አረፈ።
ሐይቁ ሥራ አልፈታም፤ አጥሩን ገዝግዞ አለፈ።

መበለቷ ሎይዝካ ማዘጋጃ ሄዳ፣
ዛሬም ትገብራለች የመቶ ክንድ ዕዳ።
ስልሳው ውኃ ውስጥ ነው።
ዓሣ ሊያጠምድ ማለዳ ሲመጣ ጎረምሳ፣
በፒጃማ ወጥታ፣ አፋፉ ጫፍ ደርሳ፣
ጣቷን ትቀስራለች፦
«ከጓሮዬ ውጣ!»