የሬዲዮው ሂሳብ

ቂርያት ጋት ገበያ፣ ሦስት የስፌት መኪና፣
በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ ከጥግ ቀና።
ደብተር ይዞ ገባ፤
ወንበሩን ቆጠረ፣ ወለሉንም ለካ፤
«ቤትሽ ብትሰሚ ማንም አይጠይቅሽ፤
እዚህ ግን ደንበኛ አለ፣ ፈቃድ ይኑርሽ።»
ያለችው ደንበኛ ታከለች ብቻ ናት፤
ጆሮዋ ከከዳት ሰባት ዓመት ሆናት።

«ገንዘቡ ለማን ነው?»
«ለዜማው ባለቤት።»
ያኔ ከሬዲዮው አዛናው ዘለቀ፣
የካሴት ዘመኑ ድምፁ እየደመቀ፤
ዛሬ እዚሁ ፎቅ ላይ፣ ደረጃ ጠራጊው።
«ይኸው ባለቤቱ፣ ጠብቀኝ፣ ልጥራው?»
ዝርዝሩን ገለጠ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፤
አዛናው የለበትም።

ከፈልኩ።
ደረሰኙን ይዤ ሦስት ፎቅ ወጣሁ።
መነጽሩን ሰክቶ፣ ቁጥሩን በጣቱ ተከተለና ሳቀ፦
«እኔ እኮ በነጻ ነበር የዘፈንኩት፤
ይህን ያህል አወጣ ኖሯል ለካ!»