የጃንጥላ ያዥዋ ቀሚስ

አንድ ጠረጴዛ አለኝ፣ መሀሉ በጠመኔ የተሰመረ፤
በግራ የምሰሶ ስሌት፣ በቀኝ ሳይዘመዘም ያደረ
ቀሚስ።
ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከልብስ እጥበት ቤቱ በላይ፤
እንፋሎቱ በመስኮት ይገባል፣ የሰው ሸሚዝ ሽታ ይዞ እኔ ላይ።

ነገ ፈተና አለ፤ በኮሌጁ ስምንት፣ በእናቴ ሰዓት ሁለት።
«ውጥረት ማለት» ይላል ደብተሬ፣ «ጉልበት ሲካፈል ለስፋት»።
ይህንስ ክር ነግሮኛል፣ ከመምህር ሳሚር በፊት፤
ካጠበቅሽው ይበጠሳል፣
ካላላሽው ይተረተራል፣
መሀሉን የሚያውቀው ጣት ነው፤ እሱም ተወግቶ፣ በስንት ሌሊት።

የበዓሉ ኮሚቴ ያዘዘኝ ስድስት ነው፣ ስድስቱም ካባ፤
ስድስቱም እቴጌ፣ ስድስቱም ወርቀ ዘቦ፣ ስድስቱም የሐር አበባ።
ማን ልጁን ገረድ አልብሶ መድረክ ላይ ያወጣል?
አልፈርድም፤
በእቴጌዎቹ ነው የተከፈለው የኮሌጁ መንፈቅ፣
ከበሺር ሱቅ በዱቤ የወሰድኩት ጨርቅ።
በሺር «ኢንጂነር» ይለኛል፣ በክንዱ እየለካ፤
«ዛሬስ የየትኛዋ ንግሥት ነው?»
«ዛሬ የማንም። ጥጥ ብቻ፣ ያልነጣ፣ ሻካራ ይሁን ሲነካ።»

ሰባተኛዋን ማንም አላዘዘም።
ስልኬ ውስጥ ናት፤ ከአንድ ደብር ሥዕል፣ ከግድግዳው ጥግ፤
ጃንጥላ ይዛለች ለወይዘሮዋ፤ ራሷ ፀሐይ ላይ፣ ያለ ጥግ።
በሁለት ጣት ሳጎላት ትበተናለች፤ ነጠብጣብ፣ ቡኒ፣ ግራጫ፤
እጅጌዋ የት አበቃ? አንገትጌዋ ምን ነበር? ነገሩ የለው መቋጫ።
የእቴጌ ልብስ ሣጥን አለው፣ መስታወት አለው፣ ጠባቂ፤
የሷ ሲያልቅ ማዘያ ሆነ፣ ማዘያው መወልወያ፣
መወልወያው ክር፣ ክሩም አፈር፤ አልተረፈም ለጠያቂ።
በግምት ቆረጥኩ።
ግምት በኮሌጅ ነጥብ ያስቀንሳል።

እሑድ እናቴ መጣች፤ ዕረፍቷ በሳምንት ግማሽ ቀን፤
«ልለካው» አለች፤ ለበሰች፤ ዞር ዞር አለች፤ አየች እጅጌውን።
«ሠርተሽ አታውቂም» አለች፤ «በዚህ እጅጌ ዕቃ ይታጠባል?»
ሁለት ጊዜ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። «አሁን ይሠራበታል።»
«ደግሞስ ቁልፏን፣ ሳንቲሟን፣ የት ታደርጋለች?»
አልመለስኩም። ሥዕሉም አይመልስም።
ከቦርሳዋ የአሠሪዎቿን ቁልፍ አወጣች፣
የቀሚሱን ጫፍ ጠመዘዘች፣
አንዴ በጣት፣ አንዴ በጥርስ፣ ቋጠረችው።
«እዚህ ነዋ» አለች። «ሌላ ቦታ መቼ ኖሮን ያውቃል?»

መሸ። ልብሷን ቀይራ ሄደች።
እኔም ወደ ግራ ዞርኩ፣ ወደ ምሰሶው፤
አራተኛው ጥያቄ ላይ ደክሞኝ፣ ልተኩስ ቀሚሱን ሳነሣው፣
ቋ!
አለ ጠረጴዛው።

ስልኬ ጮኸ። «ትርሲት፣ በር ላይ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
«ደወሉን ብነካ ሕፃኑ ይነሣል፤
አንቺም ፈተና አለሽ፤ ተይው፣ እቆያለሁ እስኪነጋ።»

እስኪነጋ!
ታክሲ ውስጥ ቀሚሱ ጭኔ ላይ፣ ደብተሬ ቀሚሱ ላይ፤
የመንገዱ መብራት ሲመጣ ቀመር አነባለሁ፣ ሲያልፍ እጠብቃለሁ ሌላ እስካይ።
ከትልቁ በር ሥር ተቀምጣለች፣ ጫማዋን አውልቃ፤
የባሕሩ ወበቅ ፊቷ ላይ፣ በሰው ቤት መብራት ደምቃ።
ቋጠሮውን ልፈታ ብል በጥፍሬ እምቢ አለኝ፤
«አምጪ!» በጥርሷ ፈታችው። «ሂጂ አንብቢ» አለችኝ።

ምሰሶው በወረቀት መጣ፤ የማውቀውን ጻፍኩ፤
ውጤቱ ገና ነው።
ቀሚሱ ከስድስቱ ካባ ኋላ ተሰቅሏል። ሁሉንም ተኮስኩ፤
የጫፉን ጭምድድ ግን፣ ጥርስ ያለፈበትን፣
ካውያዬን አነሣሁና
ዙሪያውን ዞርኩ።